በኮሮላ ኮን መሀል፦ ለመጀመሪያ ጊዜ አውቶክሮስ ለምትሄዱ

አውቶክሮስን ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ሰፊ አስፋልት ይፈለጋል። ብዙ ጊዜ የስታዲየም መኪና ማቆሚያ ነው፤ አንዳንዴም አውሮፕላን የማያርፍበት የቆየ ማኮብኮቢያ። እዚያ ላይ ብርቱካናማ ኮኖች ይደረደሩና ጠመዝማዛ መንገድ ይሠራል። መኪኖች በየተራ ይለቀቃሉ እንጂ ጎን ለጎን አይሽቀዳደሙም። ፉክክሩ ከሰዓት ጋር ነው። አንድ ዙር አንድ ደቂቃ አካባቢ ወይም ከዚያ ያነሰ ይፈጃል። የቤት መኪና ይዞ የሄደ ሰው በአንደኛ ማርሽ ይነሳል፣ ሁለተኛ ያስገባል፣ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ላይ ይጨርሳል። ፍጥነቱ ቤልትዌይ ላይ፣ ዋሽንግተን ዲሲን በሚዞረው አውራ ጎዳና ላይ ማለት ነው፣ ከምንነዳው አይበልጥም። ግን ያው ፍጥነት ኮን መሀል ሲሆን ሌላ ነገር ነው።

የምኖረው ሜሪላንድ ነው። መኪናዬ የ2010 ኮሮላ ናት፤ ማንዋል፣ በፊት ጎማዋ የምትነዳ። ከጎማና ከፍሬን ሸራ በቀር የተቀየረላት ነገር የለም። የመጀመሪያውን ቀን በሰላም ጨርሼ ወጥቻለሁ፤ ግን እንደዚያ መድከም አልነበረብኝም። አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ ቢነግረኝ ኖሮ አብዛኛው ጣጣ ይቀርልኝ ነበር። ስለዚህ እኔ ቁጭ ላድርጋችሁ። በተለይ መኪና እየወደዳችሁ "ይሄ የሀብታም ጨዋታ ነው" ብላችሁ የተዋችሁት አላችሁ። አይደለም። መመዝገቢያው እንደ ክለቡ ቢለያይም ብዙ ቦታ ለአንድ ቀን ከ100 ዶላር በታች ነው።

ለእህቴ ስነግራት "ኮሮላዋን ሽጣትና ገንዘቡን ለእኔ ስጠኝ፤ ቢያንስ የሆነ ሰው ይጠቀማል" አለችኝ። እሷ አትፈረድባትም። ውድድር ሲባል ሁላችንም የሚታየን የሚገለበጥ መኪና ነው።

የመጀመሪያው ምክሬ ይኸው፦ ከመሄዳችሁ በፊት ለመኪናዋ ምንም አትግዙላት። ማታ ማታ ኢንተርኔት ላይ ማርሚታ፣ ሞላና ሾክ ሳይ ነበር የማመሸው። ደግነቱ ኪሴ አልፈቀደም። ጉዳዩ ደግሞ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ብዙ አውቶክሮስ የሚያዘጋጁት በ1944 የተመሠረተው የስፖርት መኪና ክለብ፣ የኤስሲሲኤ የአካባቢ ቅርንጫፎች ናቸው። ይህ ክለብ መኪኖችን በአቅማቸውና በተነካካባቸው ነገር ልክ ይመድባል። ከፋብሪካ እንደወጣች ያለች ኮሮላ ኤች ስትሪት የሚባለው ውስጥ ትገባለች፤ ከስትሪት ምድቦች ለደካሞቹ መኪኖች የተተወው ማለት ነው። እዚያ ሾክ መቀየር ይፈቀዳል። መኪናዋን ዝቅ የሚያደርግ ሞላ ካስገባችሁ ግን ከስትሪት ትወጣላችሁ፤ ገንዘብ ከፈሰሰባቸው መኪኖች ጋር ትመደባላችሁ። ለማማር ብላችሁ የገዛችሁት ዕቃ መልሶ እናንተኑ ይጎዳል።

ብዙ ክለቦች ለአዲስ ሰው የጀማሪ ምድብ አላቸው፤ በዚያ ተመዝገቡ። ሰዓታችሁ ፓክስ በሚባል ቁጥር ይባዛል። ለእያንዳንዱ ምድብ የራሱ ቁጥር አለው፤ የደካማ መኪና ቁጥር ያነሰ ነው። ቁጥራችሁ 0.78 ቢሆን በ60 ሴኮንድ የጨረሳችሁት 46.8 ተብሎ ይያዛል። ኮርቬት ይዞ የመጣው ሰው እንደዚያ ዓይነት ቅናሽ የለውም። ስለዚህ "በዚህች መኪና ሄጄ ልዋረድ ነው" የሚለውን ሐሳብ ከወዲሁ አውጥታችሁ ጣሉት። እንዲያውም ከፋብሪካ እንደወጣች ባለች የቤት መኪና የሚነዳ ሰው እዚያ ይከበራል።

ስለ ኢንሹራንስም ልንገራችሁ፤ ይሄን ማንም አይነግራችሁም። የመኪና ኢንሹራንስ ውል ላይ በሰዓት የሚለካ ውድድር አይሸፈንም የሚል አንቀጽ በብዛት አለ። አውጡና አንብቡት። በር ላይ የሚያስፈርሟችሁ ወረቀትም "ለሚደርስብኝ ኃላፊው እኔ ነኝ" የሚል ነው። አደጋ ብርቅ ነው፤ መንገዱ ሲነደፍ ከመብራት ምሰሶና ከአጥር እንዲርቅ ተደርጎ ነው፤ የምትመቱት ነገር ቢኖር ኮን ነው። ኮን ቀለም ይጭራል፣ አልፎ አልፎም የፊት መከላከያ ስር ተሰክቶ ይጎተታል፤ ከዚያ አያልፍም። ግን መኪናዋ እንጀራችሁ ከሆነች፣ ኡበርና ሊፍት የምትሠሩባት ከሆነች፣ ደግማችሁ አስቡ። ዲሲ አካባቢ ስንቶቻችን ነን በዚያ የምንተዳደረው! አንድ ቀን ሙሉ ኩርባ ላይ ስታንፏቅቁ የዋላችሁበትን የፊት ጎማ ሰኞ ጠዋት ስታዩት ልባችሁ ሊያዝን ይችላል።

ከመግባታችሁ በፊት መኪናዋ ትፈተሻለች። ፍተሻው አያስፈራም፤ ግን ከነጉድለታችሁ ከሄዳችሁ የከፈላችሁት ገንዘብ ይቀራል። ባትሪው እንዳይነቃነቅ መታሰር አለበት። የጎማ ቡሎኖች ሁሉም ኖረው የጠበቁ መሆን አለባቸው። ፍሬኑ ሲረገጥ ጠንካራ ይሁን፤ እየሰመጠ የሚሄድ ከሆነ ከዚያ በፊት መካኒክ ያየው። ጎማው ሽቦ ያወጣ አይሁን። የፕላስቲክ የቸርኬ ክዳን ካላት አውልቁት፤ ኩርባ ላይ ተፈንጥሮ ሰው ይመታል። ውስጧ ደግሞ ባዶ መሆን አለበት። በእኛ ሰው መኪና ይሄ ቀላል ሥራ አይደለም! የልጅ ወንበር፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ጃንጥላ፣ ከእሑድ የተረፈ ነጠላ፣ ወንበር ስር የጠፋ ጫማ። መስታወት ላይ የሚንጠለጠለው መቁጠሪያም ለዚያች ቀን ኪስ ውስጥ ይሁን። በሹፌሩ በኩል ያለውን ምንጣፍ አትርሱ፤ ተንሸራቶ ፔዳል ስር ከገባ አደገኛ ነው። ይህን ሁሉ ማታ ቤት ጨርሱት። የምታወጡትን ዕቃ የምታስቀምጡበት ትልቅ የፕላስቲክ ሣጥን ያዙ፤ ዝናብ ቢመጣ ሜዳ ላይ የሚሸፈን ነገር የለም።

ሄልሜት መግዛት አይጠበቅባችሁም፤ ብዙ ክለቦች ለጀማሪ ያውሳሉ። ከገዛችሁ ውስጡ የስኔል፣ የሄልሜት ጥንካሬ የሚፈትነው ድርጅት፣ ተለጣፊ ያለው ይሁን፤ ዓመቱም ያላለፈበት መሆኑን ከክለቡ ጠይቁ። የዶት (የአሜሪካ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ምልክት ብቻ ያለውን ርካሽ ሄልሜት ብዙ ቦታ አይቀበሉትም። ኮፍያ፣ የፀሐይ ቅባት፣ ብዙ ውሃና ምሳ ያዙ። አስፋልት ላይ ጥላ የለም። እኔ ያለ ኮፍያ ሄጄ አንገቴ ተጠብሶ ነው የመጣሁት።

በሩ የተከፈተው በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ነው። ተመዘገብኩ፣ ፍተሻ አለፍኩ፣ በሮቹ ላይ በሰማያዊ የቀለም ቀቢዎች ቴፕ ቁጥሬንና ምድቤን ለጠፍኩ። ከዚያ መንገዱን በእግር ማየት ተፈቀደ። ትኩረታችሁን የምፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ የቀኑ ግማሽ እዚህ ይወሰናል።

አብሮኝ የሄደ የሥራ ባልደረባዬ ነበር። እየተጫወትን፣ ስለ መኪና እያወራን፣ በሰው ጎርፍ መሀል ዞርነው። ገባኝ ብዬ ነበር። መኪና ውስጥ ተቀምጬ ስነሳ ግን ያየሁት ሁሉ ጠፋ። ዙሪያውን ኮን ብቻ! የቱ የመንገዱ ወሰን ነው፣ የቱ ስላሎም (በተደረደሩ ኮኖች መሀል ግራ ቀኝ እያሉ የሚያልፉበት) ነው፣ የቱ የማዶው መመለሻ ነው? መሀል ላይ ተሳስቼ በሌላ በር ወጣሁ። መንገድ የሳተ ዙር ሰዓት አይያዝለትም። ለብዙ ጀማሪ የመጀመሪያው ዙር እንዲህ ነው የሚያልቀው፤ ስለዚህ አትደንግጡ። ግን ማስቀረት ይቻላል።

እንዲህ አድርጉ። አንዴ ለጀማሪዎች ከተመደበው አሠልጣኝ ጋር ዙሩ። ከዚያ ብቻችሁን፣ ስልክ ሳትነኩ፣ ሰው ሳታናግሩ እንደገና ዙሩ። ኩርባ በደረሳችሁ ቁጥር ጎንበስ ብላችሁ በመኪና ወንበር ከፍታ እዩት። ቆማችሁ ሲታይ ግልጽ የነበረው፣ ዝቅ ስትሉ ሌላ መንገድ ይመስላል። ከቆመ ኮን አጠገብ የተጋደመ ኮን ካያችሁ ጫፉ ወደ ቆመው እየጠቆመ ነው፤ የምታልፉት ከቆመው ወዲያ ማዶ እንጂ በተጋደመው በኩል አይደለም። መጨረሻ ላይ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መንገዱን ከመነሻ እስከ መድረሻ በቃል ውጡት። አንድ ቦታ ላይ ከተደናቀፋችሁ ተመልሳችሁ ያንን ቦታ ብቻ እዩ።

አውቶክሮስ ላይ ነድቶ መሄድ የለም፤ ትሠራላችሁም። ተሳታፊው በቡድን ይከፈላል፣ አንዱ ቡድን ሲነዳ ሌላው ሜዳ ላይ ቆሞ የወደቀ ኮን ያነሳል። የእያንዳንዱ ኮን እግር ዙሪያውን በጠመኔ ተሰምሯል። ኮኑ ከወደቀ ወይም ከመስመሩ ሙሉ በሙሉ ከወጣ ሹፌሩ ላይ 2 ሴኮንድ ይጨመራል። ተነቅንቆ ከመስመሩ ጋር ከተነካካ ምንም የለበትም። ለመኪና ጀርባ አትስጡ፣ አትቀመጡ፣ ስልክ አታውጡ። ቀይ ባንዲራ ከተውለበለበ የሚነዳው ሰው ወዲያው ይቆማል። እናንተ ስትነዱ ደግሞ ከፊታችሁ የነበረው የጣለው ኮን መንገዳችሁ ላይ ተጋድሞ ካገኛችሁ ቆማችሁ በጣታችሁ አሳዩት፤ ዙሩ በነፃ ይደገምላችኋል። እኔ ይህን ስለማላውቅ ዙሪያውን ዞሬ አለፍኩ፤ ያ ዙር እንደዚያው ተቆጠረብኝ። ከተቻለ መጀመሪያ ሠርታችሁ ቀጥሎ የምትነዱበት ቡድን ውስጥ ግቡ። ቆሞ ማየት ትልቅ ትምህርት ነው።

አሁን ወደ መንዳቱ እንምጣ። መንገዱን ካወቅሁ በኋላ ሌላ ችግር መጣ፦ ኮሮላዋ አልታዘዝ አለች። መሪውን አዞራለሁ፣ እሷ ቀጥ ብላ ወደ ኮኑ ትሄዳለች። ይበልጥ አዞራለሁ፣ ጎማው ይጮሃል፣ እሷ ያው ናት። በኩርባው በስተውጭ ያሉትን ኮኖች አንድ በአንድ አጨድኳቸው። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ "ሞተሯ ደካማ ናት፣ ጎማዋ አይረባም" እያልኩ ነበር።

አሠልጣኝ እንዲቀመጥልኝ ጠየቅሁ። የመጡት ፀጉራቸው የሸበተ፣ ረጋ ያሉ ሴት ነበሩ። አጠገቤ ተቀምጠው አንድ ዙር ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ "ፍሬን የምትይዘው መቼ ነው?" አሉኝ። "ኩርባው ላይ ስደርስ" አልኳቸው። "ታዲያ መሪውንስ?" ሲሉኝ "ያኔው" አልኩ። ሳቁ። "ከመድረስህ በፊት ያዝ። ስትይዝ መሪው ቀጥ ይበል። ከዚያ ፍሬኑን ለቀቅ እያደረግህ አዙር። መውጫው እስኪታይህ ነዳጁን አትንካ።"

ነገሩ ይኼ ነው። የኋላ ጎማ የሚነዳት መኪና ሥራ ትከፋፈላለች፤ የፊቱ ይዞራል፣ የኋላው ይገፋል። የእኛዋ ግን ሞተሩም፣ ማርሹም፣ የሚነዳውም፣ የሚዞረውም፣ ፍሬኑን በብዛት የሚሸከመውም ፊት ላይ ነው። መርካቶ ኩንታል የተሸከመን ሰው "እግረ መንገድህን ይቺንም ሳጥን ያዝልኝ" እንደማለት ነው፤ የሆነ ነገር ይጥላል። ጎማ መያዝ የሚችለው ልክ አለው። ያን ልክ ፍሬኑ ከጨረሰው ለመሪው የሚተርፍ የለም። ነዳጁ ከጨረሰውም እንደዚያው። መሪውን አብዝቶ ማዞር ደግሞ ይባስ ያንሸራትተዋል። መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄድ ስትጀምር መድኃኒቱ ተቃራኒው ነው፦ ነዳጁን ትንሽ ቀነስ፣ መሪውን ትንሽ መለስ፣ ጎማው እስኪይዝ መጠበቅ። ልብ ይፈልጋል፤ ሰውነታችሁ የሚላችሁ "አዙር፣ አዙር" ነውና።

በሚቀጥለው ዙር እንዳሉኝ አደረግሁ። እንዲህ ዝግ ያልኩበት ዙር የለም ብዬ ነበር፣ እየተንፏቀቅሁ የመጣሁ መሰለኝ። ሰዓቱን ሳየው ከቀድሞው በብዙ ያነሰ ነው፤ አንድም ኮን አልወደቀም። ሴትዮዋ "ፈጣን ዙር ሲነዱት አሰልቺ ነው" ብለውኝ ወርደው ወደ ሌላ መኪና ሄዱ።

ሁለተኛው ያስተማሩኝ ዓይን ነው። ጀማሪ የሚያየው ኮፈኑ ፊት ያለውን ኮን ነው። ያየኸውን ደግሞ ትመታዋለህ። ስላሎም ውስጥ ከፊታችሁ ያለውን ሳይሆን ቀጥሎ ያለውን እዩ። እጃችሁ ዓይናችሁን ይከተላል። ስላሎም ላይ ሁሉም ሰው የሚቸኩለው መግቢያው ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ መጨረሻው ኮን ሲደርስ ወደ ኋላ ቀርቶ ይታገላል። ትንሽ ዘግየት ብላችሁ ግቡ፣ ኮኑ ጋ ከመድረሳችሁ በፊት ማዞር ጀምሩ፣ እየጨመራችሁ ውጡ።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የፊት ጎማ የምትነዳ መኪና አትሽከረከርም የሚሉ አሉ፤ አትመኗቸው። ፈጥናችሁ እየዞራችሁ ሳለ ነዳጁን በድንገት ሙሉ በሙሉ ከለቀቃችሁ ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ ኋላዋ ይቀልና ይዞራል። ያኔ ፍሬን መርገጥ ያባብሰዋል። መሪውን ወደምትሄዱበት አቅጣጫ መልሱና ትንሽ ነዳጅ ስጧት፤ የፊት ጎማዋ ይጎትትና ያስተካክላታል። ካለቀለት፣ ከዞረች፣ ፍሪሲዮኑንም ፍሬኑንም አብራችሁ ርገጡና ቁሙ። መኪናችሁ መንሸራተትን የሚቆጣጠር ሥርዓት ካላት በእኔ አስተያየት የመጀመሪያውን ቀን አታጥፉት። ያዋቂዎቹን አትስሙ፤ እነሱ ስንት ዓመት ነድተዋል። አውቶማቲክ ከሆነች ኩርባ መሀል ማርሽ እንዳትቀይርባችሁ ሁለተኛው ላይ ያዟት።

ወንበር ላይም ትንሽ ዘዴ አለች። ወንበሩን አንድ ሁለት ቁልፍ ወደ ኋላ አድርጉ፣ ቀበቶውን እሰሩና በኃይል ጎትታችሁ እንዲቆልፍ አድርጉ፣ ከዚያ እንደተቆለፈ ወንበሩን ወደ ፊት መልሱት። ቀበቶው ጥብቅ ብሎ ይይዛችኋል። ሲያልቅ ፔዳሎቹን በደንብ የምትደርሱበት ቦታ ላይ መሆን አለባችሁ። በመሪው ተንጠልጥሎ ከመንዳት ያድናል።

ጎማ ላይ ልጨርስ። የጎማ ሱቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ያላችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አራት ወቅት የሚባለው ተራ ጎማ ቶሎ ይጮሃል፣ ጩኸቱም አስተማሪ ነው፤ ልኩን እያለፋችሁ መሆኑን አስቀድሞ ይነግራችኋል። ነፋሱ ላይ ግን ሥራ አለ። የኮሮላ በር ላይ በተለጠፈው ልክ ከነዳችሁ ኩርባ ላይ የጎማው ጎን ተጣጥፎ አስፋልት ይልሳል። እኔ የፊቶቹን ወደ 40 ፒኤስአይ ከፍ አድርጌ ጀመርኩ። ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክ ግን አትለፉ። የጎማው ጥርስና ጎን በሚገናኙበት ጠርዝ ላይ በጠመኔ አስምሩ። እዚያ አካባቢ ትንሽ ሦስት ማዕዘን ምልክት አለች። ዙር ጨርሳችሁ ስታዩ ጠመኔው ከሦስት ማዕዘኗ አልፎ ከጠፋ ነፋሱ አንሷል፤ ጠርዙ ላይ ጭራሽ ካልተነካ በዝቷል። ጎማ ሲሞቅ ነፋሱ በራሱ ይጨምራል፤ በየዙሩ መሀል እየለካችሁ አስተንፍሱ። አፍንጫዋ አሁንም አልዞር ካለ የኋላዎቹ ላይ ጥቂት ጨምሩ፣ ኋላዋ ቀለል ትላለች። ግን በአንዴ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ፤ አለበለዚያ የቱ እንደረዳችሁ አታውቁም። ጥሩ መለኪያና ትንሽ ፓምፕ ከየትኛውም ማርሚታ የበለጠ ሰዓት ይቀንሱላችኋል።

ከሄዳችሁና ከጣማችሁ ቀጥሎ የሚገዛው ጎማ ነው። ስትሪት ላይ የሚፈቀደው ትሬድዌር (ጎማው ምን ያህል ቶሎ እንደሚያልቅ የሚያሳይ) ቁጥሩ 200 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ነው፤ አጥብቆ የሚይዘው የ200 ጎማ ደግሞ ቶሎ ያልቃል፣ ዋጋውም ይቆነጥጣል። አትቸኩሉ። ተራ ጎማ ላይ ፍሬን መያዣ ቦታችሁን ሳትማሩ ጥሩ ጎማ ብታስገቡ ስህተታችሁን ይሸፍንላችኋል እንጂ አያርመውም። የዚህ ስፖርት የአገር አቀፍ ሻምፒዮና በየሴፕቴምበሩ ሊንከን፣ ነብራስካ ይካሄዳል፤ ከ1,000 በላይ ሹፌር ይሰበሰባል። እዚያ ከሚነዱት መሀል ኤች ስትሪት ላይ የቤት መኪና ይዘው የሚመጡ አሉ። ሰዓታቸውን ስታዩ ሞተር ሰበብ እንዳልሆነ ይገባችኋል።

ከሜዳው ከመውጣታችሁ በፊት ነፋሱን በር ላይ ወደተጻፈው ልክ መልሱ፣ የጎማ ቡሎኖችን አጥብቁ፣ የፊት ጎማዎቹን ውጫዊ ጠርዝ በእጃችሁ ዳስሳችሁ እዩ። ምንጣፉንና የልጅ ወንበሩን መልሱ። ቁጥሩንም ከበሮቹ ላይ ላጡት፤ ቁጥር የተለጠፈበት ኮሮላ አውራ ጎዳና ላይ ፖሊስ ሲያይ ምን እንደሚያስብ መገመት አያቅትም። ከዚያ ለሚቀጥለው ቀን የዚያኑ ምሽት ተመዝገቡ፤ የጀማሪ ቦታ ቶሎ ይሞላል።